አቧራው ከየት ይመጣል? የኤሲ ቱቦ ሲቀደድና ሲጠገን

የዛሬው የቤት አያያዝ ትምህርታችን ከራሳችን በላይ፣ ኮርኒስ ውስጥ ስላለ ነገር ነው።

መጀመሪያ በሠራሁበት ቤት ሳሎኑን ጠዋት እወለውላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። ማዳም ጣቷን አስነክታ ታሳየኛለች፤ «ዛሬም አልሠራሽም!» ትለኛለች። ደግሜ ደጋግሜ ወልውዬ ማታ ተደብቄ አለቅስ ነበር። በኋላ የኤሲ ሠራተኛ መጥቶ ኮርኒሱን ሲከፍት ቱቦው ከመገጣጠሚያው ተላቆ ተገኘ። ለካ ጥፋቱ የእኔ አልነበረም!

ቱቦው ምን ይሠራል?

በትልልቅ ቪላዎች ኤሲው (ሙከየፍ የሚሉት) አየሩን የሚያመላልሰው ኮርኒስ ውስጥ በተዘረጋ ቱቦ ነው፤ እነሱ ዳክት ይሉታል። አንዱ ቱቦ ቀዝቃዛ አየር ወደ ክፍል ይልካል፤ ሌላው የክፍሉን አየር ስቦ ወደ ማሽኑ ይመልሳል።

የሚልከው ከተቀደደ ቅዝቃዜው ኮርኒስ ውስጥ ይቀራል፤ ክፍሉ አይበርድም፣ መብራቱ ግን ይቆጥራል። የሚስበው ከተቀደደ ደግሞ ኮርኒስ ውስጥ የተጠራቀመውን አቧራ ይስባል። ማጣሪያው ብዙ ጊዜ ያለው መሳቢያው አፍ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ በቀዳዳ የገባው አቧራ ሳይጣራ ተመልሶ ቤት ውስጥ ይበተናል። ቀኑን ሙሉ ብትወለውይ አያልቅም።

መሬት ላይ ቆመሽ የምታዪው ምልክት

1. አቧራው ከተወለወለ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ በኤሲው አፍ ዙሪያም ጥቁር መስመር ይታያል።
2. ሌሎቹ ክፍሎች ሲበርዱ አንዱ ብቻ ይሞቃል። የመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ላይ ቁራጭ ሶፍት እሰሪና ወደ አየር መውጫው አስጠጊው። ሌላ ክፍል ሲውለበለብ እዚህ ዝም ካለ አየሩ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።
3. ኮርኒሱ ላይ ቡናማ የውሃ ምልክት ይወጣል። የቱቦው ልባስ ሲቀደድ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ነክቶ ውሃ ይሆናል። ውሃው ግን ከማሽኑ ፍሳሽም ሊመጣ ስለሚችል ሠራተኛው ሁለቱንም ይይ።

ትክክለኛው ጥገና

ሥራው የባለሙያ ነው፤ ግን በደንብ መሠራቱን ማወቅ ይጠቅምሻል። መጀመሪያ ኤሲው ይጠፋል። ልባሱ ይገለጣል፤ አቧራው ተጠርጎ ቦታው ይደርቃል። የተላቀቀ ቆርቆሮ በብሎን ይያዛል። ከዚያ ማስቲክ የሚባለው ወፍራም ማሸጊያ በብሩሽ የሳንቲም ውፍረት ያህል ይቀባል። ክፍተቱ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መጀመሪያ የፋይበርግላስ መረብ ይለጠፋል። ትልቅ ቀዳዳ በቆርቆሮ ይደፈናል። ማስቲኩ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያህል ከደረቀ በኋላ ልባሱ ይመለሳል።

ሠራተኛው ግራጫውን የጨርቅ ፕላስተር ብቻ ጠቅልሎ ከሄደ ጥገናው ብዙ አይቆይም። በእንግሊዝኛ ስሙ «ዳክት ቴፕ»፣ የቱቦ ፕላስተር ነው፤ ነገር ግን በ1998 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ልዩ ልዩ ማሸጊያዎችን በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲፈትኑ ክፉኛ የወደቀው እሱ ነው። ሙጫው ደርቆ ይላቀቃል፤ አቧራውም ይመለሳል፤ ወቀሳውም ወደ አንቺ!

የአንቺ ድርሻ

እህቴ፣ ስለ ቱቦ ማወቅ «ወጥቼ ልጠግን» ማለት አይደለም። ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፤ የጂብስ ኮርኒስ የሰው ክብደት አይችልም። ከመሰላል ወድቆ ወገቡ የተሰበረ ሰው ምን ሠርቶ ለቤተሰቡ ይልካል? አንቺ ምልክቱን አሳይና እንዲህ በዪ፦

«ማዳም፣ ዳክት ኸርባን» (ቱቦው ተበላሽቷል)።
«ላዚም ፈኒ» (ባለሙያ ያስፈልጋል)።
ውጪ ካሉሽ፦ «ማ አግደር አጥላ ፎግ» (ላይ መውጣት አልችልም)።

በቁጣ ሳይሆን ረጋ ብለሽ፣ ቢቻል ባባም ባለበት። ቀኑንም ደብተርሽ ላይ ጻፊው፤ ነግረሽ እንደነበር ማስታወሻ ይሆንሻል።

ጥንቃቄ! የጋዝ ውሃ ማሞቂያ የጭስ መውጫ ከዚህ ጋር አይምታታ። እሱ ከተቀደደ በፕላስተር ወይም በኤሲ ማሸጊያ አይደፈንም። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። ማሞቂያው ሲበራ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ከመጣ ልጆቹን ይዘሽ ቶሎ ወደ ውጭ ውጪ፤ ከዚያ ለሰው ተናገሪ። ባለሙያ ሳያየው ማንም እንዳያበራው።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. የሚስበው ቱቦ ሲቀደድ ቤቱ ለምን አቧራ ይሞላል?
2. የጨርቅ ፕላስተር ብቻውን ለምን አይበቃም?
3. «መሰላል ላይ ውጪ» ብትባዪ ምን ትመልሻለሽ?

ይህን ገጽ ያነበብሽ ላላነበበችው አቀብዪ፤ ማንበብ ለማትችል እህትም አንብቢላት። ደህና ሰንብቱ።