ከተማን ማንበብ፤ በሮማ ለሚማር ኢትዮጵያዊ

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ዓመታት ተቀምጠውበት ሳያውቁት የተመለሱበት አገር ግን ያስቆጫል። ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ከመኝታ ቤቱ እስከ መማሪያ ክፍሉ ያለውን መንገድ ብቻ ነው። ከተማ ራሱ ትልቅ መጽሐፍ ነውና፥ ሮማን ምሳሌ አድርገን አነባበቡን እንመልከት። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ የቦታን ስም መጠየቅ። በባቡር ሮማ የሚገባ እንግዳ ከተርሚኒ ጣቢያ ሲወጣ የሚያገኘው ሜዳ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። እነማን ናቸው ብሎ የጠየቀ ሰው፥ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ድል ለሆኑት የኢጣልያ ወታደሮች መታሰቢያ መሆኑን ይረዳል። ለእኛ የድል ስም የሆነው ለእነሱ የሐዘን ስም ነው።

2ኛ፤ ባዶውንም ስፍራ ማየት። በ1937 ከአገራችን የተወሰደው የአክሱም ሐውልት የቆመው ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ነበር። በ2005 ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ እንደገና ተተከለ። ዛሬ በዚያ የሚያልፍ ተማሪ ሐውልቱን አያይም፤ ታሪኩን ካወቀ ግን ስፍራው ራሱ ይነግረዋል።

3ኛ፤ ሰው መፈለግ። ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፥ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፥ «የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ» የሚባል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የአገራችን መነኮሳት ያርፉበት ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ግእዝን ከእነሱ ተምሮ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ፤ በፊደላችን የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። አባ ተስፋ ጽዮንም በ1548ና በ1549 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያው ከተማ አሳተሙ። በ1649 ደግሞ ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ወጣት ለሌላ ጉዳይ ሮማ መጥቶ ሳለ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተዋወቀ፤ አማርኛንም ከእርሳቸው ተማረ። በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የዚህ ትውውቅ ፍሬ ነው። የመጣበትን ጉዳይ ብቻ ፈጽሞ ቢመለስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተገኘም ነበር።

4ኛ፤ በልማድ ላይ ለመፍረድ አለመቸኮል። የሮማ ሰው ቡናውን ቆሞ በጥቂት ጉንጭ ጠጥቶ ይሄዳል፤ እኛ አቦል፥ ቶና፥ በረካ ብለን ተቀምጠን እንጠጣለን። ይህን ያየ ተማሪ «ጨዋታ አያውቁም» ሊል ይችላል። ቢጠይቅ ግን በብዙ ቡና ቤት ተቀምጦ መጠጣት ዋጋ እንደሚጨምር፥ ቆሞ የሚጠጣውም ሰው ከጎረቤቱ ጋር ወሬውን እንደማይተው ይገነዘባል።

እንግዲህ ወደ ውጭ የምትሄዱ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከሳምንቱ ግማሽ ቀን ለከተማው ስጡ፤ በእግር ሂዱ፤ ቋንቋውን ከሕዝቡ አፍ ተማሩ፤ ያያችሁትን በማስታወሻ ጻፉ። የታሪካችን አንዱ ክፍል በሰው አገር ድንጋይና መዝገብ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ እኛ ካላነበብነው ሌላው እንደ ፈቀደ ያነብልናል። ዲግሪው ለተመራቂው ነው፤ ይህ ዕውቀት ግን አገር ቤት ለቀረውም ወገን ይተርፋል።