ልጅን ወደ ሰንጠረዥ ውድድር ስለ መውሰድ

ሰንጠረዥ ለአገራችን እንግዳ ጨዋታ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን፥ በቤተ መንግሥት ይጫወቱት እንደ ነበረ ተጽፎ ይገኛል። በቀድሞው ሥርዓት ሁለቱ ተጫዋቾች አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪገድል ድረስ ተራ ሳይጠባበቁ እንደ ፈቀዱ ያራምዱ ነበር፤ ይህም ወረራ ይባላል። ተመልካቹም ዙሪያውን ከቦ ምክሩን በግልጥ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ልጆች የሚወዳደሩበት ግን ቼዝ የሚባለው ነው። ሕጉን የሚያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. በፓሪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የቼዝ ማኅበር ነው። በዚህኛው ተራ ይጠበቃል፤ ተመልካችም ዝም ይላል። ስለዚህ ልጁን ወደ ውድድር የሚወስድ ወላጅ የተመልካችን ሕግ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ ከመሄድ በፊት። ልጁ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ በደኅና ይተኛ፤ ቁርሱንም ይብላ፤ የራበው ልጅ አርቆ ማሰብ አይችልምና። ሁለት ሕጎችንም ደኅና አድርጎ ይወቅ። አንደኛው የመንካት ሕግ ነው፤ አስቦ የራሱን ጠጠር የነካ፥ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ያንኑ ማንቀሳቀስ አለበት፤ የባላጋራውንም የነካ፥ መግደል ከተቻለው መግደል አለበት። ሁለተኛው የሰዓት ሕግ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተወሰነ ጊዜ ተሰጥቶታልና፥ ጊዜው ያለቀበት ልጅ በሰሌዳው ላይ የበላይ ሆኖ ሳለ እንኳ ሊሸነፍ ይችላል። ስለዚህ መቸኮልም መዘግየትም ጕዳት አላቸው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ ዓይኑ ከእጁ ይቅደም።

2ኛ፤ ስለ አደላደሉ። ብዙ የልጆች ውድድር የሚካሄደው የስዊስ በሚባለው ሥርዓት ነው፤ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በዙሪክ ከተማ ተሠርቶበታል። 64 ልጆች ቢሰበሰቡና የተሸነፈው ሁሉ ቢሰናበት፥ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 32ቱ ወደ ቤታቸው በተመለሱ ነበር። በስዊስ ሥርዓት ግን ማንም አይሰናበትም። ላሸነፈ 1 ነጥብ፥ አቻ ለወጣ ግማሽ፥ ለተሸነፈ ባዶ ይቈጠርለታል፤ በየዙሩም ነጥባቸው የተቀራረበ ልጆች ይገናኛሉ። ስለዚህ በማለዳ የተሸነፈ ልጅ ቀጥሎ የሚገጥመው እንደ እርሱ የተሸነፈውን ነው። ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ «ተነሥ፥ እንሂድ» የሚል ወላጅ ግን ይህን ዕድል ከልጁ ይነጥቃል።

3ኛ፤ በአዳራሹ ውስጥ። ወላጅ አይናገር፤ በራሱና በዓይኑም አይጥቀስ፤ የእጅ ስልኩንም ይዝጋ። ሕግ ሲጣስ ቢያይ ለዳኛው ብቻ ይንገር። ልጁ ከእያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኋላ ወደ አባቱ ፊት የሚመለከት ከሆነ፥ አባት ከዓይኑ ይራቅ፤ ልጁ ማንበብ የሚገባው ሰሌዳውን እንጂ የአባቱን ፊት አይደለምና።

4ኛ፤ ከሽንፈት በኋላ። ዋናው ነገር ከዚህ ላይ ነው። ልጁ ከአዳራሹ ሲወጣ ወላጅ አስቀድሞ «አሸነፍህን?» ብሎ ቢጠይቅ፥ ልጁ የአባቱ ፍቅር በነጥብ የሚመዘን ይመስለዋል። ይህን ያመነ ልጅ ሽንፈቱን መሸሸግ፥ ከእርሱ የሚበልጠውን መሸሽ፥ በመጨረሻም ዋሾ መሆን ይጀምራል። በጨዋታ የለመደውንም ወደ ፈተና ይዞት ይገባል። እንግዲህ ወላጅ አስቀድሞ ውኃና ምግብ ይስጠው፤ ዕንባው ካለ እስኪያባራ ይጠብቅ፤ ከዚያም «የትኛው ቦታ አስቸገረህ?» ብሎ ይጠይቀው። ያሸነፈውንም ልጅ የባላጋራውን እጅ በአክብሮት መጨበጡን እንጂ ድሉን ብቻ አያመስግንለት።

5ኛ፤ ለመምህራን። ይህን ሁሉ ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በካርቶን ላይ 8 በ8 አድርጎ 64 ቤት መሥመር፥ ለያንዳንዱም ወገን 16 ጠጠር ከጭቃ መሥራት ይቻላል። 8 ተማሪዎች በ3 ዙር አንድ ውድድር ይፈጽማሉ። በዚያም ቀን ወላጆችንና ሽማግሎችን ጋብዙ፤ ዝም ብሎ መመልከትን ለመልመድ ከዚህ የተሻለ ስፍራ የለምና።

የመልመጃ ጥያቄ።
ሀ) በቀድሞው ሰንጠረዥና በዛሬው ቼዝ መካከል የተመልካቹ ሥራ እንዴት ይለያል?
ለ) 64 ልጆች በሚወዳደሩበትና ተሸናፊው በሚሰናበትበት ሥርዓት፥ ከ3ኛው ዙር በኋላ ስንት ልጆች ይቀራሉ? በስዊስ ሥርዓትስ?
ሐ) ልጁ ተሸንፎ ሲወጣ ወላጅ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ሊሆን ይገባል? ስለ ምን?