ሰኔን አስቢ

ቆይ፣ ከዕቅድሽ ጥቅል ጎመኑን ሰርዢው። ካሮቱንም። እንግዳ ሲመጣ ለፎቶ እንደሚያምር ገብቶኛል። ግን ገለምሶ ውስጥ የትምህርት ቤት ጓሮ የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ ሰኔን ማየት አለበት። ልጆቹ ሰኔ መጨረሻ ይበተናሉ፤ ዋናው ዝናብ የሚጠናው ሐምሌና ነሐሴ ነው። መስከረም ሲመለሱ የሚጠብቃቸው አረም ነው፤ የተረፈውን ፍየል ጨርሶታል። ብዙ የተማሪ ክበብ ጓሮ የሚጠፋው እዚህ ጋ ነው። ሰው ስንፍና ይለዋል፤ እኔ ግን የጊዜ ሰሌዳ ችግር ነው እላለሁ።

ስለዚህ ተከላውን ለሁለት ክፈይው። የበልጉ ዝናብ መጋቢት ላይ ሲጥል ቶሎ የሚደርሰውን ዝሪ፤ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ የሐበሻ ጎመን። ትምህርት ሳይዘጋ በልተው ይጨርሱታል። ሰኔ ማብቂያ ላይ ደግሞ፣ ልጆቹ ሳይሄዱ፣ ስኳር ድንች አስተክያቸው። ሐረጉ አንዴ መሬቱን ከሸፈነ አረም ብዙም አያስቸግረውም። አራት አምስት ወር ይቆያል፤ ጥቅምት ኅዳር ላይ ራሳቸው ይቆፍሩታል።

ከተገኘ ሥጋው ብርቱካናማ የሆነው ይሁን። ነጩ ሆድ ይሞላል እንጂ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ከብርቱካናማው 125 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ትንሽ ድንች፣ ለሕፃን ልጅ የቀኑን ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማት ከተሰጠባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ድንች ነው፤ ተራ ነገር አይምሰልሽ። የሚተከለውን የሐረግ ቁራጭ ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። መቻራ የግብርና ምርምር ማዕከልም እዚሁ ዞናችን ውስጥ ነው፣ ደብዳቤ አጽፊ። ሲበሉት ከኦቾሎኒ ጋር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቫይታሚኑ ቅባት ይፈልጋል። ሻጋታ የነካው ኦቾሎኒ ግን ይጣል፣ ቢቆላም መርዙ አይጠፋም። ሐረጉንም አትጣሉ። እያንዳንዱ ልጅ ክንድ ያህል ቆርጦ ይውሰድና እቤቱ የእጅ መታጠቢያ ውኃ በሚፈስበት ቦታ ይትከለው፤ በጋውን ያልፋል።

ክረምቱን የሚጠብቅልሽ ማነው? የጥበቃው አባባ፣ ሌላ ማን አለሽ። ደመወዛቸውን ታውቂዋለሽ። የክረምቱ ቅጠል የእሳቸው ይሁንና በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ርዕሰ መምህር ሲቀየር እንዳይነጠቁ።

አጥሩ ማዶ ጫት ነው አይደል? ባለቤቱን አትውቀሺው። በማሽላ ያላገኘውን በጫት አግኝቷል፤ የተማሪዎችሽ ደብተርም የሚገዛው ከዚያው ነው። ክበቡን ጫት ንቀሉ እያልሽ ብታዘምሪው አባቶች በማግስቱ ልጆቻቸውን ያስወጣሉ። ከሰውየው የምትፈልጊው የሚረጭበትን ቀን ብቻ ነው፤ ንፋሱ መድኃኒቱን ጎመንሽ ላይ ያመጣዋል። ሄደሽ ሰላም በዪው፣ ሆጃ ካቀረቡልሽ ጠጪ። በዚያ በኩል ባለው ጠርዝ የሚበላ ነገር አትትከዪ፣ የአጥር ዛፍ ይሁን። ቅንጭብ ግን አይሆንም፤ ወተቱ የልጅ ዓይን ይጎዳል። የመድኃኒት ባዶ ዕቃም ለማጠጫ ብለው እንዳያመጡ። ሃይላንድ ክዳኑን በምስማር በስተው ያጠጡ።

አርፍዶ የመጣን ልጅ “ሂድ ጓሮ ኮትኩት” የሚል መምህር ካለ አስቁሚው። በቅጣት የኮተኮተ ልጅ እቤቱ ጎመን አይተክልም።

የወላጆች ስብሰባ ላይ ደግሞ “ልጆቻችሁን እንመግባለን” የሚል ቃል እንዳይወጣሽ። ያን የሚያህል መሬት የለሽም። ምገባ ሌላ ሥራ ነው፣ በጀት ይፈልጋል። የምገባ ነገር ሲነሳ ግን እህሉ ከማን እንደሚገዛ ጠይቂ። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ከፌዴራሉ የምገባ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች መግዣ እንዲውል አስገደደች። እኛም አገር የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከመንግሥት ጋር ሆኖ ከአገር ውስጥ ገበሬ ገዝቶ ተማሪ መመገብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የእኛው የሀብሮ ማሽላና ቦሎቄ እያለ ሌላ ከሩቅ የሚጫነው ለምንድን ነው?

ልጆቹ ፓስታና ሩዝን የከተማ ምግብ፣ ማሽላን የድሃ ምግብ አድርገው ያያሉ። ይህን በቅስቀሳ አትቀይሪውም። ለወላጆች ቀን ለስላሳና ብስኩቱን ተዪና እናቶቹን ጥሪ። ሙይራ የሚባለውን ማሽላ ፈንዲሻ ከሚባለው የሚለዩት እነሱ ናቸው፤ ለማርቃ ገንፎ የቱ፣ ለእንጀራ የቱ እንደሚሆን ልጆቹ ፊት ይናገሩ። የሚናገሩትም በአፋን ኦሮሞ ይሁን፣ ተርጓሚ ሆነሽ መሀል አትግቢ። ጥንቅሽ ካለ ለትንንሾቹ አስመጪ፣ ከከረሜላ አያንስም። አንቺ ወንበር አደራጂ፣ ስም መዝግቢ። ምድጃው ጋ ብቻ አትድረሺ፤ የምታገነፊውን ገንፎ እኔ አውቀዋለሁ።