ለጊዜያዊ የዓሣ ገንዳ የትኛው ተክል ይሻላል?

ለአንድ ወር የቤተ ሙከራ ጥናት ሃያ ሊትር በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ጋፒዎችን ወይም የቆሮሶ ጫጩቶችን ማቆየት ቀላል ሥራ ይመስላል። ይሁን እንጂ ዓሦቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማለቃቸው የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ገዳዩ ረሃብ ሳይሆን አሞኒያ ነው።

ዓሦች ከፕሮቲን የሚመነጨውን አሞኒያ በአብዛኛው የሚያስወግዱት በስንጥባቸው አማካይነት ነው። በቆየ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያዎች ይህንን ውጋጅ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በበቂ መጠን እስኪራቡ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ ጊዜያዊው ገንዳ በዚያን ጊዜ አገልግሎቱን ጨርሷል። ስለሆነም የባክቴሪያዎቹን ቦታ የሚሸፍን ፈጣን ተክል ያስፈልጋል። ደግነቱ ብዙ የውኃ ተክሎች ናይትሮጅንን ከናይትሬት ይልቅ በአሞኒየም መልክ መውሰድ ይቀናቸዋል።

እዚህ ላይ የፒኤች ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ፒኤቹ 7 በሆነ ውኃ ውስጥ መርዛማው አሞኒያ ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው አሞኒየም ነው። ፒኤቹ 9 ሲደርስ ግን መርዛማው ክፍል ከሲሶ ይበልጣል። የብዙዎቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ውኃ አልካላይን ስለሆነ፣ ከሐይቅ ቀድቶ የሚጠቀም ተማሪ ይህንን አስቀድሞ ይለካ።

ከተክሎቹ መካከል የመጀመሪያው ምርጫ ሴራቶፊለም ነው። ጣናን ጨምሮ በሀገራችን ሐይቆች ይገኛል። ሥር የለውም፤ በመሆኑም አሸዋም አፈርም አይሻም። ምግቡን በቅጠሉና በግንዱ በቀጥታ ከውኃው ይስባል፤ ተቆርጦ ቢጣልበት እንኳ ቁራጩ ያድጋል። ተንሳፋፊዋ ሌምና ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ስለምትወስድ በተመቻት ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ቀናት እጥፍ ትሆናለች። ለጋፒ ገንዳ መልካም ናት። ትንሽ ላደገ ቆሮሶ ግን ሌምና መኖ እንጂ ማጣሪያ አይደለችም፤ ዓሣው ሲበላት የሳበችው ናይትሮጅን አብዛኛው ተመልሶ ወደ ውኃው ይገባል።

በሱቅ መስኮት ዓይን የሚስበው ክሪፕቶኮሪን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ቦታ ሲቀየርበት ቅጠሉን ያረግፋል፤ የበሰበሰው ቅጠል ራሱ አሞኒያ ይጨምራል። አኑቢያስ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አዝጋሚ ስለሆነ ከጌጥነት አያልፍም።

ተክል ሲበዛም ችግር አለው። ሌሊት ፎቶሲንተሲስ ስለሚቆም ተክሉም እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይጠቀማል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በባሕር ወለል ከፍታ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በደጋ ከተሞች የገንዳውን ግማሽ ያህል በተክል ሞልቶ በትንሽ የአየር ፓምፕ ሌሊቱን ማናፈስ ይመረጣል። ሌምናም የውኃውን ፊት ሙሉ በሙሉ እንዳትሸፍን በየጊዜው ትቀነስ።

እምቦጭ አሞኒያን በመሳብ የሚወዳደረው ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ወደ ገንዳ አይግባ። በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ያደረሰውን ጉዳት የሐይቁ ዓሣ አስጋሪዎች ያውቁታል። ጥናቱ ሲያበቃ ሌሎቹም ተክሎች ወደ ወንዝ ወይም ወደ ቦይ ሳይጣሉ በፀሐይ ይድረቁና ከኮምፖስት ጋር ይቀላቀሉ።