ምዕራፍ 7፦ ብራውዘሩ በር ላይ ሲያስቆምዎ

አንድ የጥር ማለዳ ወረቀት ኮፒ ላስደርግ ሰፈራችን ወዳለች የጽሕፈትና ኮፒ ቤት ጎራ አልኩ። ባለቤቷ ወጣት ኮፒውን ትታ ከኮምፒውተሯ ጋር ግብግብ ገጥማለች። «ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ ዛሬ አሞታል» አለችኝ። ኢንተርኔቱ ግን ደህና ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጠ ደንበኛ በስልኩ ቪዲዮ እያየ ነው። የእሷ ስክሪን ላይ «ዩር ክሎክ ኢዝ ቢሃይንድ» ይላል፤ ሰዓትሽ ወደ ኋላ ቀርቷል እንደማለት። ይህን መስመር የሚያነብ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሁሉም የሚያየው ገጹ እምቢ ማለቱን ነው። ጥጉ ላይ ያለውን ቀን ብናየው ጃንዋሪ 2017 ሆኗል። ልጅቷ እኮ ዓመቱን አልተሳሳተችም። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍተው ቀኑ ጠፍቶበት አገኘችው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አይታ ሞላችለት።

ሰርተፊኬት የሚባለው ነገር የዌብሳይቱ መታወቂያ ነው። ስም አለው፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፣ የሰጪው ማኅተም አለው። ብራውዘሩ ደግሞ እንደ መሥሪያ ቤት ዘበኛ ነው፤ ሦስቱን አይቶ ያሳልፋል። ቀኑን የሚያመሳክረው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ነው። እንግዲህ ባለፈው ኅዳር የወጣን መታወቂያ 2017 ላይ የቆመ ዘበኛ ቢያየው ምን ይበል? «ይህ መታወቂያ የሚሰጠው ገና ከሰባት ዓመት በኋላ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። እውነቱን ነው።

በሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ይህን ብልሽት ከስንት ነገር በኋላ ያነሱታል። እኔ ግን እዚህ ለሚኖር ሰው ከሁሉ በፊት አስቀምጠዋለሁ፤ ሁለት ካላንደር ይዘን የምንኖር ሰዎች ነንና። ለኮምፒውተሩ የፈረንጁን ይስጡት፣ የእኛን ግድግዳው ላይ ይተዉት።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም አንድ ወጥመድ አለው። ዊንዶውስ ላይ ሰዓቱን በማውሱ ቀኝ ተጭነው «አድጀስት ዴት ኤንድ ታይም» ውስጥ ይግቡ። ብዙ ሰው ወዲያው «ሲንክ ናው» የሚለውን ይጫንና «አልሠራም» ብሎ ይተወዋል። ልዩነቱ የዓመታት ሲሆን ዊንዶውስ በራሱ ለማስተካከል እምቢ ሊል ይችላል። መጀመሪያ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በእጅዎ ያስተካክሉ፤ ከዚያ «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ» የሚለውን ያብሩና ሲንክ ያድርጉ። ታይም ዞኑንም ይዩ። ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባን ፈልገው አያገኟትም፤ የእኛ ሰዓት የተቀመጠው ናይሮቢ በሚለው ሥር ነው። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ የአሜሪካን ምዕራብ ዳርቻ ሰዓት ይዞ ይመጣል። በዚያ ላይ ሰዓቱን በእጅ ብቻ ካስተካከሉት፣ ለዓይን ልክ ቢመስልም ኮምፒውተሩ በውስጡ 10 ወይም 11 ሰዓት ወደፊት ሄዷል። ስልክ ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ ላይ ማድረግ ይበቃል።

ዛሬ አስተካክለውት ነገ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተመልሶ ከሳተ፣ ጥፋቱ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ባትሪ ነው። በአብዛኛው ላይዋ ላይ ሲ አር 2032 ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ ልኳን ነው የሚናገረው፤ ስፋቷ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊሜትር። ኃይሏ 3 ቮልት ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፣ ክዳኑን ይክፈቱ፣ መያዣዋን በጥፍርዎ ገፋ ሲያደርጉ ትዘላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቷን ወደ ላይ አድርገው ያስገቡ።

ሰዓቱ ልክ ሆኖ ማስጠንቀቂያው ካልጠፋ፣ ያንኑ ዌብሳይት በስልክዎ ዳታ ይክፈቱት። እዚያም ካስጠነቀቀ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ ነው። ወይ መታወቂያውን ማሳደስ ረስቷል፣ ወይ መታወቂያው ላይ የሰፈረው ስም እርስዎ ከጻፉት ይለያል። ለምሳሌ ከፊት ሦስቱ ደብልዩ ላለበት አድራሻ ብቻ የወጣ ይሆናል፤ ጨምረው ወይም ቀንሰው ይሞክሩት። የማሳደስ ጉዳይ ወደፊትም የሚብስ ይመስለኛል። በፈረንጆቹ ከ2020 መስከረም ጀምሮ አንድ ሰርተፊኬት ከ398 ቀን በላይ እንዳይቆይ ተወስኖ ነበር፤ በ2029 ወደ 47 ቀን ለማውረድም ስምምነት ላይ ተደርሷል። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ሰርተፊኬት ሰጪ በነፃ የሚሰጣቸው ገና ከጅምሩ የ90 ቀን ነበሩ። ሥራውን በእጁ የሚሠራ ባለሙያ ያለበት ቤት መርሳቱ አይቀርም።

በስልክ ዳታ ተከፍቶ በዋይፋይ ከታገደስ? ሆቴል ወይም ካፌ ከሆኑ ምናልባት የዋይፋዩን መግቢያ ገጽ አልሞሉም ይሆናል። ቢሮ ከሆነ የአይቲ ክፍሉን ይጠይቁ። ስልኩ ወይም ላፕቶፑ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ አዳዲሶቹን ማኅተሞች አያውቃቸውም። በ2021 መስከረም 30፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ብዙ ዌብሳይቶች የተመሠረቱበት አንድ የቆየ ማኅተም ጊዜው አበቃ፤ ባንድ ቀን ብዙ አሮጌ መሣሪያዎች በር ላይ ቀሩ። ከ7.1.1 በታች የሆኑ የአንድሮይድ ስልኮች ሦስት ዓመት ተጨምሮላቸው ነበር፤ እሱም በ2024 አልቋል። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፋየርፎክስን መጫን ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ የማኅተሞቹን ዝርዝር ራሱ ይዞ ይመጣልና።

ማስጠንቀቂያው ገጽ ላይ «አድቫንስድ» የምትለዋን ተጭኖ፣ ከሥሯ ያለችውን ማለፊያ ነክቶ ማለፍ ለምን አይቻልም የሚል ይኖራል። እኔ የማልፍባት አንድ ቦታ አለች፤ የቤቴ ራውተር ገጽ፣ 192.168.1.1። ራውተሩ መታወቂያውን ለራሱ ጽፎ ለራሱ ያተመ ነው፤ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ስለተቀመጠ አውቀዋለሁ። ባንክ፣ ኢሜይል፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ማንኛውም ገጽ ላይ ግን አልነካትም።

ለምን እንደማልነካት አንድ ታሪክ ያስረዳልኛል። በፈረንጆቹ 2011 ዲጂኖታር የሚባል የሆላንድ ሰርተፊኬት ሰጪ ድርጅት በሰርጎ ገቦች ተደፈረና በጎግል ስም የሐሰት ሰርተፊኬት ወጣ። ማኅተሙ እውነተኛ ስለነበር ብራውዘሮች ዝም ብለው አሳለፉት፤ ኢራን ውስጥ የብዙ ሰዎች ጂሜይል በዚያ መንገድ ለሌላ ዓይን ተጋለጠ። ክሮም ግን የጎግልን ማኅተሞች ለይቶ ያውቅ ነበርና አስቆመ። ነሐሴ ላይ ጉዳዩ አደባባይ የወጣው አንድ ኢራናዊ ያን ማስጠንቀቂያ አይቶ ሳያልፈው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ስለጠየቀ ነው። ድርጅቱ መስከረም ሳይወጣ ከሰረ።

ሳምንት ቆይቼ ኮፒ ቤቷ ስመለስ ካላንደሩ ጥግ ላይ በእስክሪብቶ «ለኮምፒውተር 2025» ተብሎ ተጽፏል። ባትሪዋን ግን አልቀየረቻትም፤ ጠዋት ጠዋት ቀኑን በእጇ ትሞላለች።