ከባሕር በታች መዋኘትና የወንዶች ሆርሞን

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። የባሕር ጠረፍ ባይኖራቸውም፣ ለሥራ ወይም ለሽርሽር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ የታመቀ አየር በጀርባው ተሸክሞ ወደ ባሕር የሚጠልቅ ጐልማሳ ከመካከላቸው ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ጠልቆ መዋኘት በወንዶች ሆርሞን ላይ የሚያመጣውን ለውጥ በዚህ ወር ትምህርታችን እንገልጻለን።

ሆርሞን ማለት ዕጢዎችና ሌሎች የአካል ክፍሎች በደም አማካይነት የሚልኩት መልእክተኛ ንጥረ ነገር ነው። ሰው ውኃ ውስጥ ሲገባ የውኃው ግፊት በእግር ያለውን ደም ወደ ደረት ይገፋዋል። በዚህ ጊዜ ልብ ይወጠርና ሽንት የሚያበዛ ሆርሞን ይለቃል፤ አንጎልም ሽንትን የሚገታውን ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን ይቀንሳል። ስለዚህ ጠላቂው ሳይታወቀው ከሰውነቱ ብዙ ውኃ ያጣል። ብርድና ፍርሃት ሲጨመሩበት ደግሞ በኩላሊት ራስ ላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ያፈልቃሉ፤ የልብ ምትም ይፈጥናል።

«መጥለቅ የወንድነትን ኃይል ያጠፋልን?» የሚል ጠያቂ ቢኖር መልሳችን ይህ ነው። ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በብርቱ ድካምና በእንቅልፍ ማጣት ለጊዜው ሊቀንስ ይችላል፤ ዕረፍት ሲገኝ ግን ይመለሳል። ይልቁንስ የሚያሠጋው ሌላ ነው።

በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ካለው እጥፍ ነው። በዚህ ግፊት ናይትሮጅን የተባለው የአየር ክፍል በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ፣ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደምናየው፣ አረፋ ይሆናል። በከተሞቻችን ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ከባሕር ወጥቶ ወዲያው ወደ ደጋ የሚመለስ ሰው ለዚህ አደጋ ይጋለጣል። ውኃ ያጣ ሰውነትም አደጋውን እንደሚያባብሰው ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ።

እንግዲህ ጠላቂ ሁሉ እነዚህን ይጠብቅ፦

1ኛ. ከመጥለቁ በፊትና በኋላ በቂ ንጹሕ ውኃ ይጠጣ፤ ከአልኮል መጠጥ ይከልከል።

2ኛ. ከመጨረሻው ጥልቀት በኋላ አንድ ሙሉ ቀን በጠረፍ ሳያርፍ በአውሮፕላንም ሆነ በመኪና ወደ ደጋ አይውጣ።

3ኛ. የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ የራስ መዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢሰማው ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ባሕር ጠልቆ እንደ ነበረም ለሐኪሙ ይንገር።

መምህራንም ስለ ደምና ስለ አየር ግፊት በሚያስተምሩበት ሰዓት ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ ሕይወት ያድናሉ።