ከትልቁ ቤት ወደ ሰርቪስ፦ የኤሌክትሪክ መስመርን ከመሬት በታች በሥርዓት ማስገባት

መግቢያ

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በአያት ያሉ ብዙ ግቢዎች አሠራራቸው ተቀራራቢ ነው። ከፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ። ሰርቪስ ውስጥ የሚኖረው የቤት ሠራተኛ፣ ጥበቃ ወይም ክፍል የተከራየ ተማሪ ነው። የእንጀራ ምጣዱም ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። መብራቱ ግን ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ጎን በተንጠለጠለ ቀጭን ሽቦ ሲደርስ እናያለን። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት የዋና ዋና ጎዳናዎች መስመሮች ወደ መሬት ሲገቡ፣ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ሽቦ የባለቤቱ ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። ታዲያ ባለቤቱ “እኔም ልቅበረው” ቢል እንዴት መሠራት አለበት? ይህ ጽሑፍ የሚዳስሰው ይህንን ነው።

ቦዩና ቧንቧው

በቅድሚያ ሽቦን እንዲሁ አፈር ማልበስና በቧንቧ ማሳለፍ አንድ አይደሉም። ቧንቧ ካለ ነገ ሽቦው ቢበላሽ ግቢው ሳይቆፈር ይቀየራል። ቦዩ ሰው በሚሄድበት ቢያንስ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል፤ መኪና በሚያልፍበት ከዚያ በላይ። ከቧንቧው ሥርና ላይ አሸዋ ይደረጋል፣ ከፍ ብሎም የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ ይነጠፋል፤ በኋላ ዶማ የሚያነሳው ሰው እንዲያውቅ ነው። ኩርባው ሰፊ ይሁን፤ በጠባብ ኩርባ ሽቦ አይሳብም። ቧንቧው ውስጥ የመሳቢያ ሲባጎ ይተው። የስልክና የኢንተርኔት መስመር ለብቻው ቧንቧ ይፈልጋል።

መረሬው

የምሥራቅ አዲስ አበባ ሰፊ ክፍል ጥቁር መረሬ አፈር ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ያልጠለቀ ሰርቪስ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ቧንቧው ግድግዳው ውስጥ በሲሚንቶ ከታሰረ የሚሰበረው እዚያው መግቢያው ላይ ነው። ስብራቱ አይታይም፤ ውሃው ግን ይገባል።

ግድግዳው ጋ

እንግዲህ የሥራው ጥራት የሚለየው በመጨረሻው አንድ ሜትር ነው። አንደኛ፣ ግድግዳው ላይ ከዋናው ቧንቧ ሰፋ ያለ ሌላ ቧንቧ ይቀበራል፤ ዋናው በውስጡ ያልፋል። በመካከል ያለው ክፍተት በሲሚንቶ ሳይሆን እንደ ሲሊኮን ባለ የሚለጠጥ ነገር ይሞላል። ሁለተኛ፣ መግቢያው ወደ ውጭ ትንሽ ያዘንብል፤ የክረምት ጎርፍ ወደ ክፍሉ እንዳይመራ። ሦስተኛ፣ ሽቦው ከገባ በኋላ የቧንቧው ሁለት አፎች ይደፈኑ፤ አለዚያ አይጥም እርጥበትም መንገድ ያገኛሉ። አራተኛ፣ ሽቦው ተወጥሮ አይታሰር፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ የሚሰጠው ትርፍ ይኑረው።

ጭነቱ

ከመሬት በታች ያለ ቧንቧ ውስጡ መርጠቡ ስለማይቀር የቤት ውስጥ ሽቦ አይበቃውም፤ ለመሬት ውስጥ የተሠራ ኬብል ያስፈልጋል። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ካውያና ማሞቂያ ሲጨመር ቀጭን ሽቦ ይግላል። የሽቦውን ውፍረት የሚወስነው ባለሙያ ነው። እሱም የመሬት ሽቦ እንዲኖር፣ ትልቁ ቤት ላይም ለሰርቪሱ የራሱ ብሬከርና 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ እንዲገባ ያደርጋል። ሥራው የሚጀመረው መብራት ተቋርጦ ነው።

ማጠቃለያ

ቦዩ ከመደፈኑ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ ከአጥሩና ከግድግዳው ያለውን ርቀት ለኩ፣ ፎቶም አንሱ። ሥዕሉ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለውሃ ቧንቧ የሚቆፍረው የቀን ሠራተኛ ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያውቀው በዚያ ብቻ ነው። ክፍል የምንከራይ ተማሪዎችም ከኪራዩ ቀጥሎ “መብራቱ በየት ነው የገባው?” ብለን እንጠይቅ። ሰርቪስ ውስጥ የሚተኛውም ሰው ነውና ትልቁ ቤት ያለው ጥንቃቄ ለእሱም ይገባዋል።